የፕላስቲክ አውሮፕላን ካሳ

ዳኛው የተባለው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ዕለት ቀለም ቀቢው ስማቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የሚኒባስ በር በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ነበር። እኛ ሽማግሎቹ ከፊት፣ ዳኛው ከኋላችን ነጠላውን አደግድጎ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ደግፎ ገባን። ስማቸው ቀና ብሎ አየን፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

«አያ ስማቸው» አለ ዳኛው መሬት መሬት እያየ፤ «ስለ እመብርሃን ብለህ ይቅር በለኝ።»

ስማቸው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ድንጋዩን ከየት አመጣው?» አለኝ።

«ከወንዝ ነዋ።»

«ምነው አነሰ?»

ከመካከላችን አያ ደመቀ ሳቁ ሊያመልጣቸው ሲል በሳል ሸፈኑት። ዳኛው በዕድሜ ስማቸውን ይበልጠዋል፤ «አያ» መባል የሚገባው እሱ ራሱ ነበር። ዱሮ አብረው ሲሠሩ ስማቸውን የሚጠራው «አንተ ቀለም ቀቢ» እያለ ነው። አሁን ግን የሚፈልገው ነገር አለ፤ እሱም ከዚህ ከአንድ ሰው እጅ በቀር ከየትም አይገኝም።

በእኛ አገር ሰው አርጅቶ፣ ሚስት ሞታበት፣ ልጅም ራሷን ስትችል ቆብ ደፍቶ መመንኮስ ያለ ነው። ዳኛው ሚስቱን የቀበረ ቀን እዚያው መቃብሩ አጠገብ፣ ካህናቱ እየሰሙት፣ እመነኩሳለሁ ብሎ ተሳለ። የንስሐ አባቱ ግን ታሪኩን ሲሰሙ፣ «የበደልከው ሰው በአፉ ሳይፈታህ ቆብ አትደፋም» ብለው ቁርጡን ነገሩት። የበደለው ሰው ደግሞ እዚሁ አዘዞ፣ ከቤቱ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይኖራል። ለዓመታት በአንድ አስፋልት ሲተላለፉ አንዳቸው ሌላውን እንዳላዩ ሆነው ኖረዋል።

ስማቸውን ሰው የሚያውቀው በመኪና ቀለም ቀቢነቱ ነው። የተጋጨ ባጃጅ፣ ዝገት የበላው ሚኒባስ ወደ እሱ ይመጣል። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያየን ግን ጥቂቶች ነን። እዚያ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠሉ፣ በመደርደሪያ ላይ የተሰለፉ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ አውሮፕላኖች አሉ። ሁሉም ከፕላስቲክ ናቸው፤ ሁሉንም እሱ ገጣጥሞ ቀብቷቸዋል። ብትንትናቸው ከነሳጥኑ የሚሸጠው እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬ በአዲስ መልክ ይሠራል ይባላል፤ ስማቸው ግን አሮጌዎቹን ነው የሚወደው። ገና ወጣት የአውሮፕላን ቀለም ባለሙያ ሳለ የውጭ አሠልጣኞች አገር ሲለቁ ጥለዋቸው የሄዱ አሉ፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እየፈለገ የሰበሰባቸውም አሉ። የድሮው ፕላስቲክ በዕድሜ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ክንፉን ከአካሉ ስታጋጥመው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ያን ክፍተት በስቱኮ ሞልቶ፣ ሲደርቅ አሽቶ፣ እንደገና ሞልቶ፣ መጋጠሚያው ያልነበረ እስኪመስል መልፋት አለ። ስማቸው ይህን ልፋት የሚወደው ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ዳኛው የበደለውም በእነዚሁ አውሮፕላኖች ነው። ከጎንደር ርቆ ባለ አንድ የአየር ኃይል ምድብ ዳኛው የጥገና አለቃ፣ ስማቸው በሱ ሥር ቀለም ቀቢ ነበሩ። ስማቸው ቀን ትልቁን የጦር ጄት፣ ኤፍ-5ን ይቀባል፤ ከሥራ ሲወጣ ትንሹን በዚያው ዓይነት ቀለም፣ በዚያው የጭራ ቁጥር ይቀባል። ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ሰው ሁሉ የጎኑን ሰው በሚጠረጥርበት ሰሞን፣ ዳኛው ተጠርቶ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፦ «አንድ ቀለም ቀቢ አለ። የአውሮፕላኖቻችንን መልክና ቁጥር እያሳነሰ እየሠራ ቤቱ ያስቀምጣል። ለማን እንደሚያሳይ እንጃ።» ይህን ለምን እንዳለ እኔው ራሴ ጠይቄዋለሁ። «ሁሉም አንድ ስም ሲያወጣ እኔ የማወጣው አጣሁ» ነው ያለኝ።

ሰዎች መጥተው የስማቸውን ቤት በረበሩ። አውሮፕላኖቹን ከመደርደሪያ አውርደው ወለሉ ላይ ደረደሩና አንደኛው በከስክስ ጫማው እየተራመደ ረገጣቸው። ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ከዚያ በኋላ ስማቸው ታሰረ፣ ከሥራው ተባረረ፣ አባቱ ሲሞቱም እስር ላይ ስለነበር አልቀበራቸውም። ሲያወራ ግን እነዚህን አያነሣም። የሚያነሣው የሚረገጠውን ፕላስቲክ ድምፅ ነው። «የደረቀ ቅጠል የረገጡ ነው የሚመስለው» ይላል። «ያን ያህል ቀላል ነው።»

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ስማቸው የሚኒባሱን በር አሽቶ ሲጨርስ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈና፣ «ድንጋዩን አውርድ» አለው።

ዳኛው ይቅርታ ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ።

«ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ካሳ ነው።»

«የፈለግከውን ቁረጥብኝ አያ ስማቸው። ከብት በል፣ ቦታ በል…»

«አውሮፕላን።»

አያ ደመቀ በደንብ ሊሰሙ ጆሯቸውን አቀረቡ።

«ያስረገጥክብኝን ኤፍ-5 በእጅህ ሠርተህ ስጠኝ። ተመሳሳዩ ሳጥን አለኝ፤ አልተከፈተም። እዚሁ ቤቴ ተቀምጠህ፣ እኔ እያየሁህ ትሠራዋለህ። ሆነ ያልኩ ቀን በእነዚህ ሽማግሎች ፊት ይቅር እልሃለሁ።»

ዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየን። «ይንቀጠቀጣል እኮ፤ ዓይኔም ደክሟል።»

«ምላስህ ግን ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።»

አያ ደመቀ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እናንተ ሰዎች! ለልጅ መጫወቻ ነው የአገር ሽማግሌ የምታመላልሱ?»

«የልጅ መጫወቻ ከሆነማ ምን ይከብደዋል አያ ደመቀ? ይሥራዋ!»

ፈንጠር ብለን ተመካከርን። የደም ካሳ ቆርጠን እናውቃለን፣ የድንበር ካሳ ቆርጠን እናውቃለን፤ ፕላስቲክ ገጣጥም ብሎ የፈረደ ሽማግሌ ግን ከአባቶቻችንም አልሰማንም። እንዲያም ሆኖ፣ እምቢ የምንልበት ምክንያት አላገኘንም። የሰበረውን ይጠግን ማለት ከፍርድ ሁሉ የቀደመ ፍርድ ነው። ስለ ፍትሕ ብዙ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ ያን ቀን ፍትሕና በቀል አንድ ልብስ ለብሰው ከፊቴ ሲቆሙ ግን መለየት ተሳነኝ። ተስማማን።

ዳኛው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ጀመረ። እኔም ጡረተኛ ነኝና እየሄድኩ ከጎናቸው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ስማቸው ወረንጦ፣ ምላጭ፣ ስቱኮና ለማጣበቂያ የሚሆን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያቀርብለታል። ትንሿን ኤፍ-5 ግን በጣቱ አይነካትም። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ «አይሆንም» ይላል እንጂ።

መጀመሪያ ሁለቱን የአካል ግማሾች ሲያጣብቅ ዳኛው ፈሳሹን አበዛው። ፕላስቲኩ ቀልጦ የአውራ ጣቱ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታተመበት።

«ሸጋ ነው» አለ ስማቸው ጎንበስ ብሎ እያየ። «አሁን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አጣሪ አያስፈልግም። እሸው።»

አሻራው እስኪጠፋ ሲያሽ ሰነበተ።

ከዚያ ቀለሙ መጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለው፣ ቀጥሎ ደመቅ ያለው። እያንዳንዱ ቅብ ስስ ሆኖ፣ የበታቹ ሳይደርቅ የበላዩ አይነካም። ዳኛው ግን ጾሙ ሳይገባ ጨርሶ ቆቡን ሊደፋ ቸኩሏል። ቡናማው ሳይደርቅ አረንጓዴውን ደረበበት፤ ሁለቱ ተዋሕደው ጭቃ መሰሉ። ስማቸው ጥጥና ቀለም የሚያስለቅቀውን አኳራጅ አምጥቶ ከፊቱ አስቀመጠለት።

«እጠበው።»

«ክንፉን ብቻ?»

«ሁሉንም። እርቃኑን እስኪቀር።»

ዳኛው ሲያጥብ ቀለሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ያን ዕለት በስማቸው ፊት ላይ የነበረውን ደስታ በልጁ ሠርግ እንኳን አላየሁበትም።

ይህ አንድ ጊዜ ሆኖ አልቀረም። ዳኛው ይቀባል፣ ስማቸው ያስጥባል። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ዳኛው እርቃኗን አውሮፕላን እንደያዘ ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ ለእኔም ይታየኛል፤ አንዳንዴ ምንም አይታየኝም። አንድ ቀን ዳኛው ዓይኑን እየጠራረገ ከሄደ በኋላ፣ «የዛሬው ጥፋት የቱ ጋ ነበር?» ብዬ ስማቸውን ጠየቅኩት።

«የለም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ብለህ ታስጥበዋለህ?»

«እኔስ ምን አድርጌ ነበር?»

ሚስቱ እታገኘሁ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌውን በአኳራጅ ልትጨርሰው ነው? ሳንባው ይነድዳል እኮ!»

«መስኮቱን ክፈችለት።»

ቁጣ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስማቸው ቤት የገባው ግን እንግዳ አልነበረም፤ አልጋ ተሰጥቶት፣ ምግብ ቀርቦለት የኖረ ቤተሰብ ነው። ያ ሁሉ የስቱኮ ሥራ፣ ያ ክፍተትን ሞልቶ የማለስለስ ትዕግሥት፣ ለዚህ ቀን ልምምድ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ነገር ተለወጠ። ዳኛው አንድ ቀን ክንፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እያገላበጠ አየውና፣ ማንም ሳያዝዘው፣ «አይ፣ ይኼ አልሆነም፤ ወፍሯል» ብሎ ጥጡን በራሱ እጅ አነሣ። ስማቸው ቅንድቡን ቋጠረ።

ከዚያ ወዲያ ዳኛው ከሰዓቱ ቀድሞ መምጣት ጀመረ። ለእጁ መንቀጥቀጥም ዘዴ አበጀ፤ የእጅ አንጓውን ባዶ ቆርቆሮ ላይ ያሳርፋል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ከዚያ ብሩሹን አንድ ጊዜ ያሳልፋል። ካፖርታው ላይ የቀለም ጠብታ ይዞ ቅዳሴ ሲገባ ሰዎች አይተዋል። የዱሮውን እያነሣ ማውራትም ጀመረ።

«የጭራው ቁጥር ላይ ሦስቷ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብል ነበር። ታስታውሳለህ አያ ስማቸው?»

«ያዘነበለችው መሰላሉን እየነቀነቅክ ቶሎ በል ስላልከኝ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። ስማቸው ወዲያው አፉን ገጠመ። ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስል ወደ እኔ አየ።

የዳኛው ልጅ ጽጌሬዳ በሆስፒታል ነርስ ናት። አንድ እሑድ ከሥራ ስትወጣ፣ አባቷ ሰንበቴ ሄዶ በሌለበት ሰዓት፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ ስማቸው፣ ላመሰግንዎ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ ይኼ ሰውዬ እህል በልቶ አያውቅም ነበር። አሁን ይበላል። ትናንት እራት ላይ ስለ ስቱኮ ሲያስተምረኝ አመሸ! እኔ ስለ ስቱኮ ምን ቤት ነኝ?»

«ስለ ቆቡስ ምን ይላል?» አለ ስማቸው።

«እሱን ልነግርዎ ነው እኮ። ‹ቆቡ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ይቺን ላሳምር፤ ከዚያ ደግሞ አያ ስማቸው ዘንድ ባለ አራት ሞተሩ አለ› አለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልለምንዎ። አይፍረዱብኝ። ይቅር አይበሉት።»

«ምን አልሽ?»

«ገና ነው ይበሉት። እንደ ሁልጊዜው ያስጥቡት። ይቅር ካሉት ስእለት አለበት፤ በማግሥቱ ይሄድብኛል። እኔ ከሱ ሌላ ሰው የለኝም።»

ስማቸው ከጠረጴዛው አንድ ብሩሽ አንሥቶ በጨርቅ ጠረገ። «ሰምቻለሁ ልጄ» አላት በመጨረሻ። እሺ ያለ መሰላት፤ ጉልበቱን ስማ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ ስማቸው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ኤፍ-5 እያየ ቆመ። ሆዷ ገና አልተቀባም፤ ጀርባዋ ላይ ግን አሸዋማው፣ ቡናማውና አረንጓዴው ጫፋቸው ለስልሶ ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሸጋ ነበረች።

«ደስ ብሎታል አለች» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«እኔ ቤት። በኔ ሳጥን፣ በኔ ብሩሽ። እኔ ሳስጥበው እሱ እየተማረ! ለኔ በሕይወቴ አንድ ደስታ ነበረችኝ፤ እሷንም ለሱ ሰጠሁት ማለት ነው?» መልስ አልጠበቀም። «ሽማግሎቹን ጥራልኝ።»

«ስማቸው፣ ተው።»

«ምኑን ልተው? ይቅርታ ነው እኮ የማደርገው። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይቅር አትበል ትለኛለህ?»

ያነበብኩት ሁሉ ከዳኝ። ሰው ባልንጀራውን እንዳይመታ እጁን መያዝ ይቻላል፤ ይቅር እንዳይል አፉን የሚይዝ ሕግ ግን የትም የለም። እኔ አልጠራ ስል ልጁን ልኮ ራሱ አስጠራቸው።

የተሰበሰብን ዕለት ዳኛው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የግራውን ክንፍ ሥር ሰማያዊ እየቀባ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እንግዳ አለብህ አያ ስማቸው?» አለ።

«ወደ አንተ ነው የመጡት። ተነሥ።»

ብሩሹን እንደያዘ ተነሣ። ስማቸው ነጠላውን አስተካክሎ ለበሰ። «በእግዚአብሔርና በእነዚህ ሰዎች ፊት ይቅር ብዬሃለሁ። ካሳዬ ደርሶኛል። ከእንግዲህ በአንተና በእኔ መካከል ምንም የለም።»

«አሁን?» አለ ዳኛው።

«አሁን።»

«አላለቀም እኮ! ክንፉ አልደረቀም፣ ቁጥሩ አልተለጠፈም…»

«ይበቃኛል።»

«አይበቃም! ና እየው፣ እዚህ ጋ ፈስሷል። መታጠብ አለበት።»

አያ ደመቀ በሳቅ ተንፈራፈሩ። «በዳይ ይቅርታ እምቢ ሲል ዛሬ አየሁ! በል ዳኛው፣ እግሩን ሳም፤ ሰውዬው ልቡ እንዲህ ሰፊ ነው!» ሌሎቹም ተመስገን እያሉ ተነሡ፤ እልልታ እንኳን ተሰማ። ከብሩሹ ጫፍ ሰማያዊ ጠብታ የዳኛው ጫማ ላይ ወረደ። እሱ ስማቸውን እያየ ነበር፤ ሲገባው በዓይኔ አየሁ።

«ምነው አያ ስማቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?»

«ቆብህ እንዳይዘገይብህ ብዬ ነው።»

ስእለት ስእለት ነው፤ የከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ተነሣ። ዳኛው ክረምቱ ወጥቶ መንገድ እንደተከፈተ ቆላ ወዳለው ገዳም ወረደ። እኛም ልንሸኘው አብረን ሄድን። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞተ ተብሎ መሬት ላይ ይጋደማል፣ በመግነዝ ይሸፈናል፣ በቁሙ የሙታን ፍትሐት ይደገምለታል። ስማቸው ነጭ ለብሶ ከሁሉ ፊት ቆመ። መነኮሳቱ እያዜሙ ሲዞሩ ዓይኑን ከመግነዙ ላይ አላነሣም። «የአባቴን ቀብር ያስቀረብኝን ሰው ቀብሩን ቆሜ አየሁ» አለኝ ስንመለስ መኪና ውስጥ። እፎይ ያለ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የደከመ ሰው ፊት ነበር፤ ሌላ ነገር አላገኘሁበትም።

አዘዞ ግን አመሰገነው። ሰባኪው በሰንበት ጉባኤ ላይ ስሙን ጠርቶ ለይቅር ባይነት ምሳሌ አደረገው። ስማቸው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ እታገኘሁ መሐል ላይ ተነሥታ ወጣች።

ጽጌሬዳ ከሳምንታት በኋላ መጣች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«የአባቴን ዕቃ ልወስድ ነው።»

«ካሳዬ ነው እኮ» አለ ስማቸው፤ ድምፁ ግን አቅም አልነበረውም።

«ካሳዎ ደርሶዎታል። በሰው ፊት ነው የተናገሩት።»

ኤፍ-5ቷን ከመደርደሪያው አውርዳ የሰጠቻት እታገኘሁ ናት። የግራ ክንፏ ሥር እስከ ግማሹ ሰማያዊ ነው፤ የቀረው ግራጫ ፕላስቲክ።

«ከፈለግሽ እኔ እጨርስልሻለሁ» አለ ስማቸው። «ጥቂት ሥራ ነው የቀራት።»

«አይነኳትም።»

ደጃፉ ላይ ደርሳ ዞረች። ነርስ ናትና በሽተኛ በምታናግርበት ለስላሳ ድምፅ ነው የተናገረችው። «ጋሼ ስማቸው፣ እርስዎም እየደከሙ ነው። ለቁርባን ይሁን ለቆብ፣ አንድ ቀን የንስሐ አባትዎ የበደሉት ሰው አለ ወይ ብለው ይጠይቁዎታል። ቤቴን ያውቁታል።»

ስማቸው ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ብመጣ ይቅር ትይኛለሽ?»

ጽጌሬዳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ምን ካሳ እንደምቆርጥብዎ ገና አልወሰንኩም» አለችና አውሮፕላኗን በነጠላዋ ከነፋሱ ከልላ ወደ ሚኒባስ ፌርማታው ሄደች።